የሩር ሜዳና የእንግዳ ማዕድ

የጎልፍ ጨዋታ ያደገው በታጠረ ግቢ ሳይሆን በስኮትላንድ ሕዝብ የጋራ ሜዳ ላይ ነው። የሴንት አንድሩስ ከተማ ነዋሪዎች በባሕር ዳርቻ ሜዳቸው የመጫወት መብት እ.ኤ.አ. በ1552 በሊቀ ጳጳሱ በጆን ሃሚልተን ቻርተር ተረጋግጦላቸዋል፤ ሜዳው ዛሬም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ለጎልፍ የተበጀ ሜዳ ባያገኝም፣ ለሌላው የዱላና የሩር ጨዋታ፣ ለገና፣ የሚበቃ ሜዳ አያጣም። ገና በአጨዋወቱ ከጎልፍ ይልቅ ሆኪን ይመስላል፤ በሁለት ወገን የተከፈሉ ተጫዋቾች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሩን ይለጋሉ። ሜዳውን ማንም አላበጀውም፤ በሌላው ጊዜ ከብት የሚግጥበት፣ በበዓለ ልደት ግን ጌታና ሎሌ እኩል የሚሯሯጡበት የጋራ መሬት ነው።

የመንገደኛው ማዕድም እንዲሁ የጋራ ነበር። በእግርና በበቅሎ ይኬድ በነበረበት ዘመን ተጓዡ ቀን በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሲመገብ ይውልና፣ ሲመሽ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደረሰበት ደጅ ይቆም ነበር፤ ባለቤቱም ካለው እንጀራ ያካፍለዋል። መኪና ከመጣ ወዲህ ልማዱ ለምግብ ቤት ቦታውን እየለቀቀ ሄደ፤ የቡሬ በርበሬና የጎጃም ጤፍ ግን ከገበታው አልጠፉም።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚያመለክተው፣ በአካባቢው መሬት ለአዲስ ሥራ ይፈለጋል። ሥራው የሚጠላ አይደለም። ይሁን እንጂ የማዕዱን ልማድ ምግብ ቤት ቢተካው፣ የተሸነሸነ ሜዳን የሚተካው የለም። ስለዚህ ቀያሹ መሐንዲስ በካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ በገና ዕለት ማን እንደሚጫወትበት ይጠይቅ።