የአርባ ቀን ዕድል ወይስ የዛሬ ምርጫ?

የንባብ ክፍል፦ አስቴር 3፥7፤ 4፥13–16፤ ፊልጵስዩስ 2፥12–13

ከብቶቹ ያለቁበትን ሰው ልናጽናና ስንሄድ ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፦ «ምን ይደረግ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው።» ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ በቀረ ጊዜ ይህ ቃል በየመንደሩ ነበር። አማኞችም «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን ቃሉን እንለውጣለን እንጂ ሐሳባችን አንዳንዴ ያው ነው፦ ሁሉ አስቀድሞ ተቆርጧል፣ ከእኛ የሚጠበቅ የለም። እውነት እንዲህ ነውን? መጽሐፍ ቅዱስን ከመክፈታችን በፊት የምንኖርባትን ምድር ታሪክ እንይ።

የቦረና አባቶች እና ዘመን

የቦረና አባቶች ቀንን በአያና ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስምና ጠባይ አለው፤ ለአንዱ ሥራ ይመቻል፣ ለሌላው አይመችም። አያንቱ የሚባሉት ዘመን ቆጣሪዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ቀኑን ይናገራሉ። የአባ ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ ስለ ቦረና ገዳ ባጠናው ጥናት እንደምናነበው፣ ያው ስም ያለው የገዳ ዘመን ተራው ደርሶ ሲመለስ፣ በቀድሞው ዘመን የደረሰው ደግም ክፉም አብሮ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ይታመናል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሕዝቡ ዕድሉን ተቀብሎ የተቀመጠ ነው» ሊል ይችላል። ግን አይደለም። እነዚሁ አባቶች በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስበው ሕግ ይመረምራሉ፣ አዲስ ሕግ ያወጣሉ፣ መሪዎቻቸውንም ይጠይቃሉ። ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች በእጃቸው ቆፍረዋል። ዛሬም ወጣቶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ፤ ተራውን የሚያስከብር ኃላፊም አለ። ሁሉ ተቆርጦ ያለቀ ቢሆን ሕግ ለምን ይወጣል? ተራ የጣሰስ ለምን ይጠየቃል?

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ

በከተማችን በነገሌ የሰፈረው ጦር ስለ ምግቡና ስለ ውሃው ያማርር ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ደግሞ ተራው ወታደር ከእነርሱ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ አምፀው መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን አብልተው እነርሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። ዓመቱ ሳይዞር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የአብዮቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የወሎ ረሀብ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ። ነገር ግን በነገሌ የሆነውን ኮከብ አላደረገውም። ፓምፑ መበላሸቱ የማንም ምርጫ አልነበረም ይሆናል፤ ውሃ መከልከል ግን የሰው ምርጫ ነበር። «ዕድል ነው» ብንል የከለከለውን ሰው ከተጠያቂነት እናወጣዋለን። ዕድል ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው በዳዩን ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሌላ ዓይነት ዕድል ተሰበከልን። ታሪክ በማይቀር ሕግ ይሄዳል፣ ሃይማኖትም ይከስማል ተባለ። በዚያ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ሳለ መንጋቸውን ትተው ላለመሄድ መረጡ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ዛሬም በእነዚህ ቆላ ከተሞች ወንጌል ትሰብካለች። የማይቀር የተባለው ሕግ ቀረ።

ሐማ ዕጣ ጣለ፣ አስቴር መረጠች

«ዕጣ ፈንታ» የምንለው ቃል በመጽሐፈ አስቴር ታሪክ አለው። ሐማ አይሁድን የሚያጠፋበትን ቀን ለማወቅ ዕጣ አስጣለ። ቀን ተቆረጠ፣ አዋጅም ወጣ። መርዶክዮስ ግን ለአስቴር «ቀኑ ተቆርጧልና እናልቅስ» ብሎ አልላከባትም። ብትናገርም ባትናገርም እግዚአብሔር ሕዝቡን ከሌላ ስፍራ እንደሚያድን አመነ፤ እርሷ ዝም ብትል ግን እንደምትጠየቅ አስጠነቀቃት። አስቴርም ጾማ፣ ነፍሷን ለሞት ሰጥታ ወደ ንጉሡ ገባች። በእግዚአብሔር መታመን ምርጫዋን አልወሰደባትም፤ የመምረጥ ድፍረት ሰጣት።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሁለቱን አብሮ ይጽፋል፦ መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ይላል፤ ወዲያውም በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። እኛ አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል እንወዳለን። ጳውሎስ ግን የእግዚአብሔርን ሥራ የእኛ ሥራ ምክንያት አደረገው፤ እርሱ ይሠራልና እኛም እንሥራ። ዕድል ስም የለውም፣ አይሰማም፣ አይወድም፤ ስለዚህ ወደ ዕድል የሚጸልይ የለም። የዘመናት ጌታ ግን አባት ነው፤ ይጠራናል፣ መልሳችንንም ይጠብቃል።

እንግዲህ ወገኖች፣ ድርቁን አልመረጥነውም። የተወለድንበትን ቤት፣ ጎሳ፣ ዘመን አልመረጥንም። ውሃችንን ከጎረቤት ጋር መካፈል፣ ተራችንን መጠበቅ፣ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ማቆየት፣ የተጣላነውን መታረቅ ግን ዛሬ በእጃችን ነው። እስካሁን ጌታን ለማታውቁት ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ስለ ሕይወታችሁ የተቆረጠ ቀን አለ ተብላችሁ ከፈራችሁ፣ የቀንም የከዋክብትም ጌታ ክርስቶስ ነው። እርሱ ዛሬ ይጠራችኋል፤ ለጥሪውም መልስ መስጠት ትችላላችሁ።

አባት ሆይ፣ ያልመረጥነውን በአንተ ታምነን እንድንሸከም፣ በእጃችን ያኖርኸውን ደግሞ በዕድል አሳብበን እንዳንተወው እርዳን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።