ከድጋፍ እንጨት እስከ ጋዝ ሞላ፦ የመኪና የኋላ ኮፈን ሸክም ታሪክ

በአዲስ አበባ ጋራዦች ደጃፍ የኋላ ኮፈኗ በእንጨት ተደግፎ የተከፈተ አሮጌ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለመኪናው አንገቱን ከኮፈኑ ሥር አስገብቶ መለዋወጫ ጎማውን ሲጎትት፣ ከራሱ በላይ ያለውን ላሜራ የሚሸከምለት ያ እንጨት ብቻ ነው። እንጨቱ ቢንሸራተት ምን እንደሚደርስ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ትንሽ ትርኢት በአውቶሞቢል ታሪክ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲነሣ የኖረ አንድ ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም የተከፈተውን ኮፈን ማን ይሸከም የሚለው ነው። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በመጀመሪያ የሰው እጅ፣ ቀጥሎ የድጋፍ ዘንግ፣ ከዚያም የብረት ሞላ፣ በመጨረሻም በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ ጋዝ ሸክሙን ተረክበዋል። ዛሬ በአሮጌ መኪና ላይ የጋዝ ሞላ የሚገጥም ባለሙያ የዚህን ርክክብ የመጨረሻ ምዕራፍ በእጁ ስለሚፈጽም፣ ያለፉትን ምዕራፎች ማወቅ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የተዘጋ የዕቃ መጫኛ ክፍል አልነበራቸውም። መንገደኛው ሳጥኑን ከመኪናው ጀርባ በተሠራ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ በጠፍር ያስረው ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ሳጥኑ ከመኪናው አካል ጋር ተዋሐደ፣ ክዳኑም የአካሉ አንድ ክፍል ሆነ። ነገር ግን የሳጥን ክዳን ቀላል ሲሆን፣ ከአካሉ ጋር የተዋሐደው ኮፈን ሰፊና ከባድ ላሜራ ነው። ስለዚህ ሸክሙ ችግር ሆነ። የመጀመሪያው መፍትሔ ከጎን ተነሥቶ ኮፈኑን የሚደግፍ ዘንግ ነበር። ዘንጉ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ሥራውን የሚጀምረው ሰውየው ኮፈኑን አንሥቶ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ በማንሣቱ ጊዜ ምንም አያግዝም። ሁለተኛ፣ ከተሰካበት ቀዳዳ ከወጣ ኮፈኑን የሚያስቆመው ሌላ ነገር የለም።

በ1959 በአሌክ ኢሲጎኒስ ንድፍ ለገበያ የቀረበችው ሚኒ ችግሩን በሌላ መንገድ አልፋዋለች። በእርስዋ ላይ የኋላ ኮፈኑ ማጠፊያ ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች ሆነ፤ ኮፈኑም ሲከፈት ወደ ታች ወርዶ እንደ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ትርፍ ዕቃ በላዩ ተጭኖ መንዳት ይቻል ዘንድ የሰሌዳ ቁጥሯ በማጠፊያ እንዲንጠለጠል ተደርጎ ነበር። ይህ ብልሃት ለትንሽ መኪና ይበቃል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ግን ማጠፊያውን ከላይ እንዳደረጉ ስለቀጠሉ፣ መሐንዲሶቻቸው ፊታቸውን ወደ ሞላ መለሱ።

ከብረት ሞላዎች መካከል ለኋላ ኮፈን በብዛት የተመረጠው ተጠምዛዡ ዘንግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው ኮፈኑን ሲዘጋ ቀጫጭን የአረብ ብረት ዘንጎች ይጠመዘዛሉ፣ ሲከፍት ደግሞ ጥምዝማዛቸው እየተፈታ ኮፈኑን ወደ ላይ ይገፉታል። በሌላ አነጋገር፣ የዘጋው እጅ ያወጣውን ጉልበት ብረቱ በአደራ አስቀምጦ ለከፈተው እጅ ይመልሳል። ለዚህ በአገራችን የቅርብ ምሳሌ የሚሆነው ለዐሥርት ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳ ናት። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደች ስትሆን፣ በቮልጋ ዳር በቶግሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው በ1970 ነው። የኋላ ኮፈኗን የሚያነሡት ሁለት ተጠምዛዥ ዘንጎች ናቸው፤ የዘንጎቹን ጫፍ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው በማዛወርም ጉልበታቸውን መጨመር ወይም መቀነስ ይቻላል። ኮፈን፣ ላሜራና ሞላ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም እንደ ላዳ ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ከጣሊያን ይመዘዛል።

የጋዝ ሞላ ታሪክ ከመኪና ታሪክ እጅግ ይቀድማል። እንግሊዝ አገር የነበረው ሮበርት ቦይል በ1660 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አየር ሲታመቅ ተመልሶ የሚገፋ በመሆኑ የሞላ ጠባይ እንዳለው ገለጸ። በ1662 ደግሞ የታመቀ አየር ይዞታው በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ እንደሚሆን በሜርኩሪና በጠማማ የመስተዋት ቱቦ ያደረገውን ሙከራ ውጤት አወጣ። ለቦይል የአየር ፓምፑን የሠራለት ረዳቱ ሮበርት ሁክ ነበር። የብረት ሞላ በተሳበ መጠን የመመለሻ ኃይሉ በዚያው ልክ እንደሚጨምር የሚናገረውን ሕግ በ1678 ያሳተመውም ይኸው ሁክ ነው። ስለዚህ ዛሬ በኋላ ኮፈን ላይ የሚፎካከሩት የብረት ሞላና የጋዝ ሞላ፣ የሁለቱም ሕግ በአንድ ዘመንና በአንድ አካባቢ የተገኘ ነው ለማለት ይቻላል።

ሆኖም ሕጉ ከታወቀ በኋላ መሣሪያው እስኪሠራ ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፏል። ምክንያቱም ጋዝን ማመቅ ቀላል ሲሆን፣ በሚንቀሳቀስ ዘንግ ዙሪያ ለዓመታት ሳያፈስ ማቆየት ከባድ ነው። ለዚህ ጥሩ ጎሚኒ፣ በጥንቃቄ የተወለወለ ዘንግና ትክክለኛ የፋብሪካ ሥራ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን በ1953 በጋዝ ግፊት የሚሠራ ባለአንድ ቱቦ ሾክ አብዞርበር በማውጣቱ ይህ ችግር ሊፈታ እንደሚችል ታየ። በ1934 በጀርመን አገር በኮብሌንዝ ከተማ የተቋቋመው ስታቢሉስ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ በ1962 የጋዝ ሞላን በተከታታይ ማምረት ጀመረ። በ1970ዎቹ ዓመታት ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚነሣ ከባድ የኋላ በር ያላቸው መኪናዎች ሲበዙ፣ መሣሪያው በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

የመሣሪያው ውስጥ ሲታይ ሲሊንደር፣ ቀዳዳ ያለው ፒስተን፣ ዘንግ፣ ጥቂት ዘይትና የታመቀ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን የተመረጠው ከዘይት ጋር ስለማይቀጣጠልና ብረት ስለማያዝግ ነው። ፒስተኑ ቀዳዳ ስላለው ጋዙ በሁለቱም ወገን እኩል ይገፋል፤ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኃይል የሚመጣው ከዘንጉ ውፍረት ስፋት ብቻ ነው። ለምሳሌ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ250 ኒውተን እንዲገፋ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ያህል ግፊት መኖር አለበት። ዘንጉ ሲገባ የሚይዘው ቦታ ከጋዙ ቦታ አንጻር ጥቂት በመሆኑ፣ ኃይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙ አይለዋወጥም። የብረት ሞላ ግን እየተፈታ በሄደ መጠን ይደክማል። የጋዝ ሞላ ብልጫ እዚህ ላይ ነው።

አዲስ መኪና ሲነደፍ ማጠፊያው፣ ላሜራውና የጋዝ ሞላው አንድ ላይ ይታሰባሉ። አሮጌ መኪና ግን የተነደፈችው ለሌላ ሸክም ተሸካሚ ነው። በላዳ ላይ ሸክሙ ያረፈው በማጠፊያዎቹ አጠገብ በጠነከረው የአካል ክፍል ሲሆን፣ የጋዝ ሞላ ሲገጠም ወደ ኮፈኑ ጎንና ወደ ፍሳሽ መውረጃው ጠርዝ ይዛወራል። እዚያ ያለው ላሜራ ስስ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት በብሎንና በመሰርሰሪያ ሳይሆን በስሌት ነው።

15 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ ከማጠፊያው 45 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ ኮፈን ለምሳሌ እንውሰድ። በአግድም ሲቆም የሚያሳድረው የማዞር ኃይል 66 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የሞላዎቹ ግፊት መስመር ከማጠፊያው 15 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ለሁለቱ በድምሩ 441፣ ለእያንዳንዳቸው 220 ኒውተን ያህል ያስፈልጋል፤ ጥቂት ትርፍ ሲጨመርበት ባለ250 ኒውተን ይመረጣል። መገጠሚያው ወደ ማጠፊያው ቀርቦ ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን ድምሩ ከ1,300 ኒውተን በላይ ይሆናል። ያን ያህል ግፊት የሚገጥመው ላሜራ ከታች በወፍራም ብረት ካልተጠናከረ ይጎብጣል፤ ኮፈኑ ይጣመማል፣ ማጠፊያውም ይሰፋል። ደግሞም ተጠምዛዦቹ ዘንጎች ሳይወጡ በላያቸው ኃይለኛ የጋዝ ሞላ ከተጨመረ ኮፈኑ ቁልፉ እንደተከፈተ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ዘንጎቹን ማውጣት የፈለገም የተጠመዘዘ ብረት የያዘውን ጉልበት ማስታወስ አለበት፤ ከቦታው የሚለቀው ኮፈኑ ተከፍቶ ጥምዝማዛው በላላበት ጊዜና በተገቢ መሣሪያ ነው። በተረፈ ኮፈኑ ሲዘጋ የግፊቱ መስመር በማጠፊያው አቅራቢያ እንዲያልፍ፣ የሞላው ዘንግም ወደ ታች እንዲመለከት ይደረጋል። የመጀመሪያው ቁልፉን ከዘወትር ግፊት ያድነዋል፣ ሁለተኛው ዘይቱ ጎሚኒውን እንዲያርስ ያደርጋል።

የአገራችን የአየር ጠባይም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። የጋዝ ግፊት ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በ20 ዲግሪ 250 ኒውተን የሚገፋ ሞላ በአፋር የ45 ዲግሪ ሙቀት 271 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ በ5 ዲግሪ የደጋ ንጋት ግን ወደ 237 ይወርዳል። አዲስ ሞላ ይህን ይችላል። ጋዙ ቀስ በቀስ እያፈሰ በ20 ዲግሪ 230 ኒውተን ላይ የደረሰ አሮጌ ሞላ ግን ከላይ በተጠቀሰው ኮፈን ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ያነሣል፤ በማግስቱ ንጋት ሁለቱ በድምሩ 436 ኒውተን ብቻ ስለሚገፉ ሸክሙ ይበልጣቸዋል። ትናንት የያዘው ኮፈን ዛሬ የሚወርደው ስለዚህ ነው።

የርክክቡ ታሪክ የሚያስተምረው ቁም ነገርም ይኸው ነው። እንጨት ሲሰነጠቅ ይታያል፤ ተጠምዛዥ ዘንግ ሲደክም ኮፈኑ ይከብዳል፣ ወይም ተሰብሮ ይገኛል። ጋዝ ግን ሲጎድል መልኩ አይለወጥም። ሸክሙ ከእጅ ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ ሞላ፣ ከሞላ ወደ ጋዝ በተላለፈ ቁጥር ድካም ቀንሷል፤ አደጋው ግን ከዓይን እየራቀ ሄዷል። በመሆኑም የላዳው ተጠምዛዥ ዘንግ ጤነኛ ከሆነ ጥርሱን አዛውሮ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ሥራ ነው። የጋዝ ሞላ የግድ ከተፈለገም የገጠመው ባለሙያ የተገጠመበትን ቀን ጽፎበት፣ በቀዝቃዛ ንጋት ፈትኖት፣ አቅራቢያው ብየዳ እንዳይደረግና ሲሊንደሩ እንዳይበሳ አስጠንቅቆ ለባለመኪናው ሊያስረክበው ይገባል። ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ በሸክም ተሸካሚው ሥር አንገቱን የሚያስገባው ሰው የሚተማመነው በገጣሚው እጅ ነው።