ያልተነሳበት ፊልም
ፉጂፊልም ኒኦፓን አክሮስ 100፣ ባለ 120 ጥቅል፣ ከመቋረጡ በፊት የተመረተ

ይህ ፊልም ብርሃን አላየም። ከኋላ ወረቀቱ ጋር እንደተጠቀለለ፣ ጫፉን የያዘው ማሸጊያ ሳይቀደድ ቆይቷል። 6 በ6 ሳንቲሜትር በሚያነሳ ካሜራ 12 ፎቶ ይወጣዋል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2018 ፉጂፊልም የጥቁርና ነጭ ፊልምና የማተሚያ ወረቀት ሽያጩን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ ፎቶ አንሺዎች የቀረውን እየገዙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማከማቸት ያዙ፤ ቅዝቃዜ የፊልምን እርጅና ያዘገያልና። ድንጋጤያቸው ናፍቆት ብቻ አልነበረም፣ በቂ ምክንያት ነበራቸው። በጨለማ የካሜራው መዝጊያ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ አብዛኛው ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ እየደከመ ይሄዳል፤ ፎቶ አንሺውም ተጨማሪ ሰከንዶችን፣ አንዳንዴም ደቂቃዎችን አስልቶ መጨመር አለበት። አክሮስ ግን እስከ 120 ሰከንድ ድረስ ምንም ማካካሻ አይፈልግም ነበር። ሌሊት ከተማንና ባሕርን ለሚያነሱ ሰዎች ይህን የሚተካ ማግኘት ከባድ ነበር።

ፊልሙ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ ሰሚ አገኘ። ኩባንያው እንደ ልብ ለማይገኙት ጥሬ ዕቃዎች ተተኪ ፈልጎ፣ አመራረቱንም ከልሶ፣ በኖቬምበር 2019 ኒኦፓን 100 አክሮስ ሁለትን በጃፓን ለገበያ አቀረበ። አዲሱም እስከ 120 ሰከንድ ያለ ማካካሻ ይሠራል።