ተስፋ የሚጣልባቸው ልጆች፦ የ1991ዱ የሚሺጋን ባች እና ከዚያ ወዲህ የሆነው

በኖቬምበር 2002 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከቅርጫት ኳስ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ባነሮች አወረደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከወረዱት መካከል ሁለቱ ቡድኑ በ1992 እና በ1993 ከአገሪቱ የመጨረሻ አራት ቡድኖች አንዱ እንደነበር የሚመሰክሩ ነበሩ። የ1992–93 የውድድር ዓመት ድሎችም ከመዝገብ ተሰረዙ። ጨዋታዎቹን ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን አይተዋቸዋል፤ በወረቀት ግን ድሎቹ እንዳልነበሩ ሆኑ። ያን ቡድን ስመ ጥር ያደረጉት አምስት ልጆች ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ላይ ፍሬሽ ሆነው የገቡ ናቸው።

ለምን ይህ ሁሉ ሆነ ለማለት የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ የአርሰናል ቲፎዞ ክረምት በመጣ ቁጥር ማን ይፈርማል፣ ማን ይሄዳል እያለ ስልኩን ሲነካካ ያመሻል። የአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ደጋፊም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የሚጠብቀው ተጫዋች ገና አሥራ አንደኛ ክፍል መሆኑ ነው። የዝውውር ክፍያ የለም፣ ልጁን የሚሸጥ ክለብም የለም። አሠልጣኙ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ሳሎን ተቀምጦ እናቱን ያሳምናል። ልጁ ከተስማማ ይፈርማል፤ ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን፣ ምግቡንና ማደሪያውን ይችላል። ለአሥርተ ዓመታት ደንቡ ከዚህ ብዙም አያልፍም ነበር። በአንድ ዓመት የሚፈርሙት ልጆች እንደ አንድ ባች ይቆጠራሉ። የዘንድሮው ቡድን ሲሸነፍ ደጋፊው የሚጽናናው በሚመጣው ባች ነው።

ይህ ተስፋ የቆየ ነው። በ1955 የፊላደልፊያውን ልጅ ዊልት ቻምበርሊንን ከሁለት መቶ በላይ ኮሌጆች ፈልገውት ነበር። ካንሳስን መረጠ። በዚያ ዘመን ፍሬሽ ተማሪ በዋናው ቡድን መሰለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ሕዝቡ የፍሬሾቹ ቡድን ከዋናው ቡድን ጋር ሲጋጠም ለማየት አዳራሹን ሞላ። ቻምበርሊን 42 ነጥብ አስቆጠረ፤ ፍሬሾቹ ትልልቆቹን አሸነፉ። ዋንጫው እጅ የገባ ያህል ነበር። በ1957ቱ ፍጻሜ ግን ካንሳስ ከሦስት ጭማሪ ሰዓት በኋላ በሰሜን ካሮላይና 54 ለ 53 ተረታ። ቻምበርሊን አንድ ዓመት ጨምሮ ዋንጫውን ሳያነሣ ሄደ።

ሜሪላንድ ላይ የደረሰው ከዚህም ይብሳል። አሠልጣኙ ሌፍቲ ድሪዜል በ1969 ሲሾም ዩኒቨርሲቲውን የምሥራቁ ዩሲኤልኤ አደርገዋለሁ ብሎ ነበር፤ ዩሲኤልኤ ያኔ ዋንጫውን እየደጋገመ የሚወስድ ቡድን ነው። በ1974 ነገሩ እውን ሊሆን መሰለ፤ ከቨርጂኒያዋ ፒተርስበርግ ሞሰስ ማሎን ፈረመ። ትምህርት ሊጀመር ሲል ዩታ ስታርስ የሚባል የፕሮፌሽናል ክለብ ገንዘብ ይዞ መጣ። ልጁ ለሜሪላንድ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ሄደ። እናቱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሥጋ እያሸገች ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው። ማሎን ኋላ ሦስት ጊዜ የኤንቢኤ የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ተመርጧል፤ ምርጫው ስሕተት ነበር ለማለት የሜሪላንድ ቲፎዞ መሆን ያስፈልጋል።

ተስፋው ሲበረታ ነጋዴ አገኘ። ሃዋርድ ጋርፊንክል የተባለ ኒውዮርካዊ ለትምህርት ቤት ተጫዋቾች ደረጃ እየሰጠ መረጃውን ለኮሌጅ አሠልጣኞች ይሸጥ ነበር፤ በ1966ም ፋይቭ ስታር የተባለውን የክረምት ካምፕ ከሸሪኩ ጋር መሠረተ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሶኒ ቫካሮ የሚባል ሰው ናይኪን አሳምኖ ለኮሌጅ አሠልጣኞች ገንዘብ እንዲከፍል አደረገ። አሠልጣኙ ይከፈለዋል፣ ልጆቹ ጫማውን ያጠልቃሉ። ልጁ የሚያተርፈው ጫማውን ነው።

ወደ ሚሺጋን እንመለስ። ዩኒቨርሲቲው በ1989 ዋንጫ ወስዷል፤ ያውም አሠልጣኙ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚሄድ በማሳወቁ ውድድሩ ሊጀመር ሲል እንዲሰናበት ተደርጎ፣ ረዳቱ ስቲቭ ፊሸር በድንገት ተተክቶ። ከዚያ ቡድኑ ቁልቁል ሄደ። በ1990–91 14 አሸንፎ 15 ተሸነፈ። ደጋፊው ያን ክረምት የተሻገረው ፊሸር ከቤት ቤት እየዞረ የሚሰበስባቸውን ልጆች ስም እየቆጠረ ነው።

መጀመሪያ እሺ ያለው ጁዋን ሃዋርድ ነው፣ ከቺካጎ። ያሳደገችው አያቱ ናት። በኖቬምበር 1990 ለሚሺጋን በፈረመበት ዕለት አያቱ በልብ ሕመም ሞተች። ሃዋርድ ኀዘኑን እንደያዘ ስልክ እያነሣ ሌሎቹን ልጆች ማግባባት ጀመረ። ከቴክሳስ ጂሚ ኪንግና ሬይ ጃክሰን መጡ። ከዲትሮይት ጄለን ሮዝ መጣ። መጨረሻ ላይ፣ በማርች 1991፣ የሮዝ የልጅነት ጓደኛ ክሪስ ዌበር ተጨመረ፤ በብዙ ደረጃ ሰጪዎች ዘንድ የአገሪቱ አንደኛ ልጅ እሱ ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ ባች ሲሰበስብ ታይቶ አይታወቅም ተባለ፤ ብዙም አልተጋነነም። ፋብ ፋይቭ የሚለው ስም ወጣላቸው።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1992 ከኖትርዳም ጋር ሲጫወቱ አምስቱም ፍሬሾች በአንድ ላይ ተሰለፉ። የዚያን ቀን የቡድኑን ነጥብ በሙሉ ያስቆጠሩት እነሱ ናቸው። ሰፊና ረዥም ቁምጣ፣ ጥቁር ካልሲ፣ ጥቁር ጫማ፣ ሜዳ ላይ የማያባራ ወሬ። የአሜሪካ የከተማ ወጣት ወደዳቸው፤ ቁምጣው በየሰፈሩ ተለበሰ። ሁሉም ግን አልወደዳቸውም። የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ ነን ከሚሉ ሰዎች ጭምር ዘረኛ ስድብ የተሞላ ደብዳቤ ለአሠልጣኙ ይደርሰው ነበር። ይህን የጻፉት ሰዎች ከጥቂት ወራት በፊት የልጆቹን መፈረም ሲጠባበቁ የነበሩ እንዳልሆኑ ማረጋገጫ የለም። ልጁ ስም ብቻ ሳለ ሁሉም ይወደዋል፤ ችግር የሚመጣው ሰው ሆኖ ሲገኝ ነው።

በዚያ ዓመት ለፍጻሜ ደረሱና በዱክ 71 ለ 51 ተሸነፉ። ደጋፊው አላዘነም ማለት ይቻላል፤ ገና ፍሬሾች ናቸው፣ ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል። በሚቀጥለው ዓመትም ለፍጻሜ ደረሱ። ኤፕሪል 5 ቀን 1993፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ከሰሜን ካሮላይና ጋር። ሚሺጋን በሁለት ነጥብ እየተመራ 11 ሰከንድ ሲቀር ኳሱ ዌበር እጅ ነበር። በራሱ ቡድን ተቀያሪዎች ፊት፣ ጥግ ላይ፣ ሁለት ተከላካዮች ያዙት። ታይም አውት ጠራ። ቡድኑ ግን የቀረው ታይም አውት አልነበረም። ቴክኒካል ፋውል ተባለ፣ ጨዋታው 77 ለ 71 አለቀ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።

አራቱ ዓመት የሚባለው ነገር ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ዌበር በዚያው ክረምት ወደ ኤንቢኤ ሄደ፤ በምርጫው አንደኛ ሆኖ። ሮዝና ሃዋርድ በ1994 ተከተሉት። አራት ዓመት የጨረሱት ብዙም ያልተዘመረላቸው ኪንግና ጃክሰን ናቸው። ሃዋርድ ግን ፕሮፌሽናል እየተጫወተ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1995 ከባቹ ጋር እኩል ተመረቀ። ስለ ፋብ ፋይቭ ሲወራ ቁምጣውና ታይም አውቱ ይነሣሉ፤ ይህ ግን ሲነሣ ብዙም አይሰማም።

ዋንጫ አልነበራቸውም፤ የራሳቸውን ምድብ፣ ቢግ ቴንን እንኳ አንድ ጊዜ አላሸነፉም። ገንዘብ ግን አምጥተዋል። ሲቢኤስ የኮሌጁን ውድድር ለሰባት ዓመት ለማሳየት አንድ ቢሊዮን ዶላር የተስማማበት ውል የጀመረው እነሱ ዩኒቨርሲቲ በገቡበት በ1991 ነው። የሚሺጋን ማሊያና ቁምጣ በመላው አገሪቱ ተሸጠ። ከዚያ ሽያጭ ለልጆቹ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ደንቡ አይፈቅድም። “ተማሪ ስፖርተኛ” የሚለው ስያሜ ራሱ በ1950ዎቹ በኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበር በኤንሲኤኤ ሰዎች የተፈጠረ ነው፤ አንዱ ዓላማ የተጎዳ ተጫዋች እንደ ሠራተኛ ካሳ እንዳይጠይቅ ነበር።

ኤድ ማርቲን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማርቲን የፎርድ ፋብሪካ ጡረተኛ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ በዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ሕገ ወጥ የቁጥር ሎተሪ ያካሂድ ነበር። የከተማውን ጎበዝ ልጆች ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ይቀርባቸዋል፣ ይሰጣቸዋል። በ1996 አንድ መኪና ተገለበጠ፤ ውስጡ የሚሺጋን ተጫዋቾችና ዩኒቨርሲቲው ሊመለምለው የመጣ ልጅ ነበሩ። ምርመራው የጀመረው ከዚያ አደጋ ነው። ፊሸር በ1997 ተባረረ። ማርቲን በ2002 በገንዘብ ማጠብ ሴራ ጥፋተኛነቱን አመነ፤ ለዌበርና ከሱ በኋላ ለመጡ ሦስት ተጫዋቾች በድምሩ 616 ሺህ ዶላር ማበደሩንም ተናገረ። ባነሮቹ የወረዱት በዚሁ ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከውድድሩ ያገኘውን 450 ሺህ ዶላር ገደማ መለሰ። ማርቲን በ2003 መጀመሪያ ሞተ፤ ዌበር በዚያው ዓመት ከጉዳዩ ጋር በተያያዘ ፍርድ ቤትን በመድፈር ጥፋተኛነቱን አመነ። ዩኒቨርሲቲው ከሱ ጋር ለአሥር ዓመት ግንኙነት እንዳይኖረው ተደረገ። የሮዝ፣ የሃዋርድ፣ የኪንግና የጃክሰን ስም ከተበዳሪዎቹ መካከል የለም። ባነሩ የወረደው ግን የሁሉም ነው።

የማርቲንን ሥራ ማሳመር አያስፈልግም፤ የቁማር ገንዘብ ነው፣ ያበደረውም ልጆቹ ሀብታም ሲሆኑ ይመልሱልኛል ብሎ ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ዙሪያ በእነዚያ ልጆች ነገ ላይ ገንዘብ ያዋለው እሱ ብቻ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ፣ የጫማ ኩባንያው፣ ማሊያ ሻጩ ሁሉ በዚያው ተስፋ ላይ ነግደዋል። ገንዘቡ ለልጁ እጅ ሲደርስ ብቻ ወንጀል ሆነ። ደጋፊው ተጭበረበርኩ ብሎ የተቆጣው በዌበር ላይ ነው፤ ስለ ቢሊዮኑ ውል የተቆጣ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ ቀስ ብሎ ጀምሮ በአንዴ ደረሰ። በ2005 ኤንቢኤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ተጫዋች አልቀበልም አለ፤ ጎበዞቹ አንድ ዓመት ኮሌጅ አድርገው የሚሄዱበት ዘመን መጣ። ኬንታኪ በዚህ መንገድ በአንቶኒ ዴቪስ እየተመራ በ2012 ዋንጫ ወሰደ። የደጋፊው የአራት ዓመት ተስፋ ወደ አምስት ወር አጠረ። በ2009 የዩሲኤልኤው የ1995 ሻምፒዮን ኤድ ኦባነን ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ራሱን አይቶ ከሰሰ። በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ መዝገብ 9 ለ 0 በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ፤ በማግስቱ ወር ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከ2025–26 ጀምሮ ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለስፖርተኞቹ መክፈል ይችላል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማርቲን በድብቅ ያደረገውን አሁን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በደረሰኝ ያደርገዋል።

ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን መሄድም ተፈቀደ። ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው መዝገብ በ2018 ተከፈተ፤ ከ2021 በኋላ ተጫዋቹ አንድ ዓመት ተቀምጦ መጠበቅ ሳይኖርበት ዩኒቨርሲቲ መቀየር ቻለ። ይህን ብዙ ደጋፊ አይወደውም። ታማኝነት ጠፋ፣ የሚመጣ ባች የሚባል ነገር አበቃ ይላል። እውነት አለው፤ የዘንድሮ ፍሬሽ ለከርሞ የማን ማሊያ እንደሚለብስ የሚያውቅ የለም። ግን ያ ታማኝነት ግማሹ ልጁ የሚሄድበት ስላልነበረው የመጣ ነው። አሠልጣኙ በ1989 ሲሄድ አንድ ዓመት ተቀምጠህ ጠብቅ ያለው የለም።

ጁዋን ሃዋርድ በ2019 አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ሚሺጋን ተመለሰ። በ2021 ከአገሪቱ ምርጥ ባቾች አንዱን አስፈረመ፤ ከፍተኛ ተስፋ የተጣለባቸው ሁለቱ ልጆች አንድ ዓመት ተጫውተው ሄዱ። በ2023–24 ቡድኑ 8 አሸንፎ 24 ተሸነፈና ሃዋርድ ተሰናበተ። በምትኩ የመጣው ደስቲ ሜይ ባች አልጠበቀም። ቭላዲስላቭ ጎልዲንን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ዳኒ ዎልፍን ከዬል፣ ትሬ ዶናልድሰንን ከኦበርን፣ ሮዲ ጌይልን ከባላንጣው ኦሃዮ ስቴት በአንድ ክረምት አመጣ። በማርች 2025 ይህ ቡድን የቢግ ቴንን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰደ። ደጋፊው ከዓመት በፊት ስማቸውን እንኳ ለሚሺጋን ብሎ ላልጠራቸው ልጆች ጨፈረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶናልድሰን ወደ ማያሚ ተዛወረ።