ከማታው ክፍል እስከ ቴሌግራም

ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ደብተር ይዞ ግቢ የገባ ምሩቅ "ኤክስቴንሽን" ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ዛሬ ብሌንድድ የምንለው፣ ግማሹ በክፍል ግማሹ በኢንተርኔት የሚሰጠው ቅይጥ ትምህርት አዲስ ይመስላል። ትምህርትን ከተማሪው ኑሮ ጋር የማስማማቱ ሐሳብ ግን በአገራችን የቆየ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አደገ። በዩኒቨርሲቲው የኤክስቴንሽን ክፍል በኩልም የማታው ትምህርት ለሠራተኛው በር ከፈተለት።

የማታው ክፍል ሰዓቱን ለወጠ እንጂ ቦታውን አልነካም። ለሁሉም ሰሌዳው አንድ ነው። መምህሩ ያንቀላፋውን ያያል፤ የቀረውንም ስም ጠርቶ ያውቃል።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በኋላ እኛ ጋ የመጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች በእሱ የተማሩ ናቸው። ስክሪኑ ለጥያቄ አይቆምም፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። የሚያስተምረው ሰው ተማሪውን አያየውም። ከዚያ ልንማር ይገባን ነበር፤ አልተማርንም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የድኅረ ምረቃው ትምህርት በኦንላይን ይቀጥል ሲባል፣ እኔም እንደ ባልደረቦቼ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ፤ ፒዲኤፍ ጫንኩ፤ ሌክቸሬን በድምፅ ቀርጬ ላክሁ። ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት ተቋረጠና ግሩፑ ለሦስት ሳምንት ያህል ጸጥ አለ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ፣ ገጠር ወረዳ የሚያስተምር አንድ የማስተርስ ተማሪዬ አሳይመንቱን አላስገባም ነበር። ዜሮ ሰጠሁት። በኋላ ግቢ ስንገናኝ፣ ኔትወርክ ለማግኘት ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄድ እንደነበር፣ የገዛው ፓኬጅም ፋይሉ ሳይወርድ ያልቅበት እንደነበር አጫወተኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"በምን ልንገርዎት፣ መምህር?"

ዜሮውን ሰረዝኩት። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቅይጥ ትምህርት ለመምህሩም ቀላል አይደለም። ኮርሱ አንድ ቢሆንም ዝግጅቱ ሁለት ነው፤ እኩለ ሌሊት ለሚመጣ የተማሪ ጥያቄ የሚከፈል የክሬዲት ሰዓት የለም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የቀረውን ተማሪ ማወቁ ነው። ዝም ያለው ሰው ገብቶት ይሁን፣ መብራት ጠፍቶበት ይሁን፣ ተስፋ ቆርጦ ይሁን ከስክሪን ላይ አይታወቅም። ለአንዱ ነፃነት የሆነው አሠራር ሌላውን ሳናየው ከትምህርት ገበታ ያስቀረዋል።

አሁን በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት አድላለሁ፦ የት ትኖራላችሁ? ስልካችሁ ምን ዓይነት ነው? መብራትና ኔትወርክ የምታገኙት መቼ ነው? የማስረከቢያ ቀን የምቆርጠው መልሱን ካየሁ በኋላ ነው። ጽሑፉንም ከመሄዳቸው በፊት በፍላሽ እሰጣቸዋለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ድምፁ የጠፋብኝን ተማሪ ደውዬ እጠይቃለሁ። አዲስ ዘዴ አይደለም፤ የማታው መምህር ስም ሲጠራ ያደርገው የነበረው ነው።

እናንተ የማታ ተማሪዎች የነበራችሁ፣ በዘንድሮው መገናኛችን ላይ አንድ ነገር አጫውቱን፦ የቀራችሁ ቀን መምህራችሁ ምን አላችሁ?