አስቀድሞ ማሰር፥ በኋላ ማንሣት፤ ስለ ዐጥንት ስብራትና ስለ አዋሽ የባቡር አደጋ

ዐጥንት ለሥጋ ምሰሶ ነው። ምሰሶው የተሰበረ ቤት ድጋፍ ሳይደረግለት ቢነካ እንዲናድ፥ ዐጥንቱ የተሰበረ ሰውም ሳይታሰር ቢያነሡት ጉዳቱ እጥፍ ይሆንበታል። ይህም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ30ኛው ምዕራፍ ስለ ፈርዖን ውድቀት ሲናገር፥ የተሰበረ ክንድ ካልታሰረ ዳግመኛ ሰይፍ ሊጨብጥ እንደማይችል በምሳሌ አመልክቷል። ወንጌላዊው ሉቃስም የደጉን ሳምራዊ ሥራ የተረከው ተራውን ጠብቆ ነው፤ ሳምራዊው በመንገድ ለወደቀው ሰው መጀመሪያ ቁስሉን አሰረለት፥ ቀጥሎ በእንስሳው ጭኖ ወደ ማረፊያ አደረሰው። እንግዲህ ማሰር ይቀድማል፥ ማንሣት ይከተላል።

በኢትዮጵያ ይህን ጥበብ ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ ያቆየው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀውን መገጣጠሚያ አሽቶ ወደ ስፍራው ይመልሳል፤ የተሰበረውንም በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፎ በጨርቅ ይጠመጥማል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከሆነው የዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አከሙ። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ደግሞ፥ የጣልያን ጦር ለወረራ ሲሰናዳ፥ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ።

ይሁን እንጂ የባቡርና የመኪና ዘመን በአንድ ቀን የሚሰበረውን ዐጥንት አበዛው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ፈጣን ባቡር በአዋሽ አጠገብ ከድልድዩ ጠመዝማዛ ሲደርስ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲዱ ወጣ፤ ሠረገሎቹም ወደ ገደል ወረዱ። ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፥ ብዙ መቶዎችም ቆሰሉ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ከሐኪም በፊት የሚደርሰው መንገደኛና ጐረቤት ነው። እርሱም ከርኅራኄው የተነሣ የወደቀውን በብብቱ ይዞ ሊጐትት ይቸኩላል፤ ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ግን ይጐዳል። የጭን ዐጥንት ሲሰበር ስለታም ጫፉ በተነቃነቀ ቍጥር ሥጋንና የደም ሥርን ይቈርጣል፤ ከውጭ ጠብታ ሳይታይ ከ1 ሊትር የሚበልጥ ደም በውስጥ ሊፈስ ይችላል። አከርካሪው የተሰበረም ሰው ባልተገባ አነሣሥ ዕድሜውን ሁሉ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ይህን በብዙ ሰው ሞት የተማረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰለፈው የእንግሊዝ ሠራዊት ነው። ሂዩ ኦዌን ቶማስ የተባለ ሐኪም ቀደም ብሎ ያወጣውን የእግር መደገፊያ፥ ደቀ መዝሙሩ ሮበርት ጆንስ ወደ ጦር ሜዳ አስገባው። ቁስለኛው ሳይጓጓዝ እግሩ ቀጥ ብሎ እንዲታሰር በተደረገ ጊዜ፥ በጭን ስብራት ከ100 ቁስለኞች 80 ያህል ይሞቱ የነበሩት ወደ 20 ያህል ወረዱ። መሣሪያው አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው ተራው ነው።

ዛሬም ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚወርደው የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና አይለየውም። በሰመራ አጠገብ በዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ በበረሃው መካከል ለወደቀ ሰው ግን ሩቅ ነው። ስለዚህ በስፍራው የተገኘ ሰው የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ያቁም፤ የተጣመመውን እግር በኀይል አያቅና፤ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች በሚይዝ እንጨት ይደግፍ፥ በእንጨቱና በሥጋው መካከልም ጨርቅ ያግባ። እንጨት ቢታጣ የተሰበረው እግር ከደኅናው ጋራ ይታሰር፤ ክንድም በነጠላ ከአንገት ይንጠልጠል። አንገቱ ወይም ጀርባው የተጐዳ ግን ካለበት አይነቃነቅ።

ወጌሻ የሚነቀፍበት ዋና ነገር ማጥበቅ ነው። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከመጠን በላይ በጠበቀ እስር ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቈረጠ ልጆች አሉ። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢገረጡ ወይም ቢደነዝዙ እስሩ ወዲያው ይላላ። ዐጥንቱ ቈዳውን ቀድዶ የወጣ እንደ ሆነም ነገሩ የሐኪም ነው። ይህ ወጌሻን ለማስተማር እንጂ ለማባረር አይደለም፤ ሐኪም በሌለበት የመጀመሪያው እጅ የእርሱ ነውና።

የሳምራዊውን ወንጌል የሚያነብ ካህን ፍቅሩን ብቻ ሳይሆን የእጁንም ሥርዓት ለሕዝቡ ቢያስረዳ፥ በመንገድ የሚወድቀው ወንድም ሕይወቱም እግሩም ሊተርፉለት ይችላሉ።