ለሆርሞን የሚታዘዝ ዕጢ፦ ከእንስሳት ምርምር የተገኘ ትምህርት

በ1896 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስኮትላንዱ ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን፣ ሥር የሰደደ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ኦቫሪያቸው ሲወጣ ዕጢው ሊሟሽሽ እንደሚችል ላንሴት በተባለው መጽሔት አስታወቀ። ወደዚህ ሐሳብ ከመሩት ነገሮች አንዱ የከብት አርቢዎች ልማድ ነበር፤ ኦቫሪዋ የወጣ ላም ረጅም ጊዜ ትታለባለች፤ ይህም ኦቫሪ በጡት ሥራ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ይጠቁማል።

ምክንያቱን ለመረዳት ምርምሩ ወደ አይጦች ዞረ። በ1916 አቢ ላትሮፕና ሊዮ ሎብ ገና ሳይጎለምሱ ኦቫሪያቸው የወጣ እንስት አይጦች በጡት ካንሰር የሚያዙት እጅግ ጥቂቶቹ እንደሆኑ አሳዩ። በ1932 ደግሞ ፈረንሳዊው አንትዋን ላካሳኝ ኦቫሪ የሚያመነጨውን ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንን፣ እየወጋ በወንድ አይጦች ላይ ካንሰሩን አስነሣ። ሆርሞኑ ዕጢውን እንደሚያነሣሣ ታወቀ፤ የሚሠራበት መንገድ ግን ገና ስውር ነበር።

መንገዱን የከፈተው የቺካጎው ኤልውድ ጄንሰን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጨረር አመንጪ በሆነ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበትን ኤስትሮጅን ለአይጠ መጎጦች ሰጥቶ፣ ሆርሞኑ በማህፀን ውስጥ ተይዞ እንደሚቆይ አየ። የሚይዘውም የኤስትሮጅን ተቀባይ የተባለው ፕሮቲን ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የዕጢውን ናሙና መርምረው፣ ተቀባዩ ካለ የሆርሞን ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል መገመት ቻሉ። በ1975 ካትሪን ሆርዊትዝና ዊልያም ማክጓየር ሁለተኛ ምልክት ጨመሩ። ፕሮጄስትሮን የተባለው የሌላው የሴት ሆርሞን ተቀባይ በኤስትሮጅን ትእዛዝ ስለሚመረት፣ መገኘቱ የመጀመሪያው ተቀባይ በሥራ ላይ መሆኑን ይጠቁማል።

ይሁን እንጂ ምልክት ሁልጊዜ በቀጥታ አይነበብም። ታሞክሲፌን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት በተቀባዩ ላይ የኤስትሮጅንን ቦታ ይዞ ሥራውን ያግዳል። ክሬግ ጆርዳን በ1970ዎቹ በኬሚካል ካንሰር እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጠ መጎጦች ላይ መድኃኒቱ ዕጢ እንዳይነሣ እንደሚከላከል አሳየ። በአይጥ ማህፀን ግን ይኸው መድኃኒት እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል። በሰው የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይም በዝቅተኛ መጠን የፕሮጄስትሮን ተቀባይን ሊያበዛ ይችላል። ምልክቱ ስለጨመረ ብቻ ሕክምናው ከሽፏል ማለት ስሕተት ነው።

በ1988 የታተመ የጎታርዲስና የጆርዳን ጥናት ከዚህም የከበደ ነገር አሳየ። የሰው ዕጢ የተተከለባቸው አይጦች ለረጅም ጊዜ ታሞክሲፌን ሲወስዱ፣ አንዳንዱ ዕጢ በመድኃኒቱ መታገዱ ቀርቶ በመድኃኒቱ ማደግ ጀመረ።

ስለዚህ የእንስሳት ጥናት ሲቀርብ የተቀባዩ መጠን ብቻውን አይበቃም። የእንስሳው ዝርያ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ የሕክምናው ርዝመትና የዕጢው እድገት አብረው መነገር አለባቸው። ከታማሚዋ ሕክምና ጋር የተያያዘ ውሳኔ የሚያርፈው በዚህ ሙሉ ማስረጃ ላይ ነውና።